ስፒናው ገጠመ፤ ኸርዙስ?

በድሬዳዋ ከተማ፣ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ማኪያቶ ለመጠጣት የተቀመጠ ሰው የማሽኑን የእንፋሎት ፉጨት ይሰማል እንጂ ከማሽኑ ጀርባ የተለጠፈችውን ትንሽ ሰሌዳ የማየት ዕድል እምብዛም አይገጥመውም። ሰሌዳዋ ከመዳፍ ታንሳለች። የአምራቹ ስምና ማሽኑ የተሠራበት አገር ከተጻፉ በኋላ ሦስት ቁጥሮች ይከተላሉ፤ አንዱ ስለ ቮልት፣ ሁለተኛው ስለ ኸርዝ፣ ሦስተኛው ስለ ዋት ይናገራል። ቮልቱን ሻጩም ገዢውም ይጠይቃል። ዋቱን የመብራት ክፍያ ያስፈራው ሰው ይጠይቃል። መካከል ላይ ያለውን ቁጥር ግን የሚያነብ የለም። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ስለ መካከለኛው ቁጥር ነው።

ነገሩን ያስነሳብን የአንድ ተማሪያችን እኅት ናት። ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ለሰባት ዓመታት በሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ ካጠራቀመችው ገንዘብ ከፊሉን ጂዳ ላይ ለአንድ የኤስፕሬሶ ማሽን አውላ፣ ሳቢያን አካባቢ አምስት ጠረጴዛ ያላት ቡና ቤት ከፍታ ነበር። ወንድሟ ማሽኑን በባጃጅ ጭኖ ወደ ቤተ ሙከራችን ሲያመጣው እርሷም አብራ መጣች። እንደ ድሬ ልጅ ወግ አንቱታውን ትታ፣ «ዶክተር፣ አንተ ፊዚክስ ነው የምታስተምረው አሉ፤ እስቲ ይህቺን ጉደኛ እያት» አለችን።

የማሽኑ ሕመም እንግዳ ነበር። ቀን ቀን ጥቂት ስኒ እንደቀዳ ፓምፑ ድምፁ ይጠፋና ይቆማል፤ ለግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ ተመልሶ ይሠራል። ማታ ማታ ግን፣ ውኃው ቶሎ ባይሞቅም ቡናውም ቀስ እያለ ቢወርድም፣ ፓምፑ ሳይቆም ያመሻል። አንድ ጠጋኝ «የድሬ ሙቀት ነው» ብሏታል። ሌላው «ቡናውን አልቀሽ ፈጭተሽው ነው» ብሏታል። ፓምፑ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ ሁለቱም ጊዜ አዲሱ ፓምፕ ከጂዳ በሰው እጅ የመጣ ነው። ሦስተኛ ፓምፕ ለመግዛት ወይም ማሽኑን በርካሽ ሸጦ ቤቱን ለመዝጋት ከመወሰኗ በፊት ነበር ወንድሟ ወደኛ ያመጣት።

የማሽኑን ጀርባ አዙረን ሰሌዳዋን አነበብን፤ 220 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 1450 ዋት።

የራሳችን ጉድ

የእርሷን ማሽን ከመመርመራችን በፊት የራሳችንን ጉድ ብናወጣ ፍትሐዊ ይሆናል። የዶክትሬት ትምህርታችንን በአሜሪካ ፈጽመን ስንመለስ ከመጻሕፍቱ ቀጥሎ ከሻንጣችን ሰፊውን ቦታ የያዘው የኤስፕሬሶ ማሽን ነበር። ሰሌዳው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 1350 ዋት ይላል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ደግሞ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ይህን ጠንቅቀን ስለምናውቅ 220ውን ወደ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዝተን ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጥን። ከትራንስፎርመሩ የሚወጣ አንድ ዲቫይደር፣ በቀጥታ ከግድግዳው የሚወጣ ሌላ ዲቫይደር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተዘረጉ። ሁለቱም ነጭ ናቸው። አንድ ቅዳሜ እንግዳ መጥቶብን ስንቻኮል በተሳሳተው ላይ ሰካነው። ማሽኑ ለጥቂት ሰከንዶች አጓራ፤ ከዚያ ቀጭን ጭስ ከክዳኑ ሥር ወጣ፤ እንግዳችንም ሻይ ጠጥተው ሄዱ።

በዚያች ቅጽበት ምን ሆነ? በመጀመሪያ ውኃውን የሚያሞቀውን ክፍል እንመልከት፤ ጠጋኞቻችን ሬዚስታንስ የሚሉትን ማለት ነው። በ120 ቮልት 1350 ዋት የሚሰጥ ሬዚስታንስ 11.25 አምፔር ይስባል፤ በኦም ሕግ መሠረትም መጠኑ 10.7 ኦም ገደማ ነው። ይኸው 10.7 ኦም በ220 ቮልት ላይ ሲቀመጥ የሚስበው ጅረት ወደ 20.6 አምፔር፣ ኃይሉም ወደ 4500 ዋት ይደርሳል። ቮልቱ ያደገው በእጥፍ እንኳ ባልሞላ መጠን ሲሆን ኃይሉ ግን 3.36 እጥፍ ሆነ፤ ምክንያቱም ኃይል ከቮልቴጅ ጋር ሳይሆን ከቮልቴጅ ስኩዌር ጋር አብሮ ያድጋል። አንድ ምጣድ የሚያሞቅ ኃይል በአንዲት የቡና ቦይለር ውስጥ ገባ ማለት ነው።

አንባቢ «ብሬከሩስ?» ማለቱ አይቀርም። በግድግዳው ላይ ያለው የ16 አምፔር ብሬከር 20 አምፔርን ወዲያው አይቆርጥም፤ ከተጻፈበት መጠን በጥቂቱ ብቻ የሚበልጥ ጅረትን ለብዙ ደቂቃዎች ሊታገስ ይችላል። ብሬከር የተሠራው በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ቤቱን እንዳያቃጥል ነው እንጂ በሽቦው ጫፍ ላይ ያለውን ዕቃ ለማዳን አይደለም።

ሆኖም ማሽናችንን ፈትተን ስናየው የተቃጠለው ሬዚስታንሱ አልነበረም። እርሱ ለመጋም ገና ጊዜ አላገኘም። የከሰለው፣ ለመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ኤሌክትሪክ የምትመግበው ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማትበልጥ ትራንስፎርመር ነበረች። እርሷ ለምን ቀደመች? የዚህን መልስ ያገኘ የሳቢያኗንም ማሽን ሕመም ያገኛል።

የጀሪካኑ ምሳሌ

ትራንስፎርመር፣ ሞተር፣ ፓምፕ፣ ሁሉም በብረት እምብርት ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ናቸው። ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲያልፍ ብረቱ በአንድ አቅጣጫ መግነጢሳዊ ይሆናል፤ ኤሌክትሪኩ አቅጣጫውን ሲቀይር ብረቱም ይቀይራል። 60 ኸርዝ ማለት ይህ ሙሉ ዑደት በሴኮንድ 60 ጊዜ ይደጋገማል ማለት ነው። ስለዚህ ቮልቴጁ ብረቱን በአንድ አቅጣጫ የሚገፋበት ጊዜ 8.3 ሚሊ ሴኮንድ ነው። በ50 ኸርዝ ግን ይኸው ጊዜ ወደ 10 ሚሊ ሴኮንድ ይረዝማል።

ብረቱን እንደ ጀሪካን፣ ቮልቴጁን እንደ ቧንቧ ውኃ እንቁጠረው። በቧንቧው ሥር ጀሪካን አስቀምጠን ውኃውን ለተወሰነ ጊዜ እንለቃለን፤ ከዚያ ዘግተን ጀሪካኑን ባዶ እናደርጋለን። የሚጠራቀመው ውኃ በሁለት ነገሮች ይወሰናል፤ ቧንቧው በምን ያህል ኃይል እንደሚፈስና ምን ያህል ጊዜ እንደተከፈተ። የ60 ኸርዝ ዕቃ የሚሠራ መሐንዲስ ጀሪካኑን የሚለካው ለ8.3 ሚሊ ሴኮንድ ነው። ብረትና መዳብ ውድ ስለሆኑ ትርፍ ቦታ አይተውም። ያንኑ ጀሪካን 10 ሚሊ ሴኮንድ በሚከፈት ቧንቧ ሥር ስናስቀምጠው ሞልቶ ይፈሳል።

ብረትም እንዲሁ ይሞላል። ከተወሰነ መጠን በላይ መግነጢሳዊነት መያዝ አይችልም፤ በፊዚክስ ይህ ሙሌት ይባላል። ብረቱ ሲሞላ ጅረቱን የሚገታው ኃይል ይደክማል፤ የቀረው የሽቦው ጥቂት ኦም ብቻ ስለሆነ ጅረቱ ሽቅብ ይዘላል፤ ሽቦው ይግላል፤ ቫርኒሹ ይቀልጣል።

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ቮልቱን ለኸርዙ ማካፈል ብቻ ነው። የአሜሪካው ማሽናችን ለ120 ሲካፈል ለ60፣ ማለትም ለ2 የተሠራ ነበር። እኛ የሰጠነው 220 ሲካፈል ለ50፣ ማለትም 4.4 ነው። የጀሪካኑ 2.2 እጥፍ! ያቺ ትንሽ ትራንስፎርመር በሰከንዶች ውስጥ መክሰሏ ሊያስደንቀን አይገባም ነበር።

ብዙ ሰው ግን ከዚህ የተለየ ልምድ አለው። ከዋሽንግተን የመጣ የስልክ ቻርጀር ድሬዳዋ ላይ ያለ ምንም ችግር ይሠራል። ላፕቶፑም ይሠራል። «ታዲያ የቡና ማሽኑ ምን ልዩ አደረገው?» ይባላል። የቻርጀሩን ጀርባ ብናነብ «ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» የሚል እናገኛለን። ቻርጀር የመጣለትን ኤሌክትሪክ በመጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ ጅረት ይለውጣል፤ ከዚያ በራሱ ፍጥነት፣ በሴኮንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየቆራረጠ ያስተካክለዋል። የግድግዳው ኸርዝ ስንት እንደነበረ አያስታውስም። የኤስፕሬሶ ማሽን ሬዚስታንስና ፓምፕ ግን በቀጥታ የሚኖሩት ከግድግዳው ጋር ነው። ስልኩ ስለሠራ ማሽኑም ይሠራል ብሎ መሰካት ብዙ ዕቃ ያስከሰለ ስሕተት ነው።

ዓለም ለምን አልተስማማችም?

እ.ኤ.አ. በ1882 ቶማስ ኤዲሰን በኒው ዮርክ ፐርል ስትሪት ያቋቋመው ጣቢያ የሚሰጠው 110 ቮልት ገደማ የሆነ ቀጥተኛ ጅረት ነበር፤ የአሜሪካ ቮልት ዝቅ ብሎ የቀረው ከዚያ ጅምር ነው። ተለዋዋጭ ጅረት ሲያሸንፍ የዌስቲንግሃውስ ኩባንያ 60 ኸርዝን መረጠ። በጀርመን ኤ.ኤ.ጌ. የተባለው ኩባንያ 50 ኸርዝን ያዘ፤ አውሮፓም ተከተለው። ሁለቱም ቁጥሮች የተፈጥሮ ሕግ አይደሉም። ማንኛቸውም ቢመረጡ ዓለም ትሠራ ነበር፤ ችግሩ ሁለቱም መመረጣቸው ነው።

የዚህ አለመስማማት አስገራሚ ምስክር ጃፓን ናት። ቶኪዮ እ.ኤ.አ. በ1895 ከጀርመን የ50 ኸርዝ ጀነሬተር ገዛች። ኦሳካ በዓመቱ ከአሜሪካ የ60 ኸርዝ ገዛች። አገሪቱ ዛሬም በዚያው መስመር ለሁለት እንደተከፈለች ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 የመሬት መንቀጥቀጡና ሱናሚው የምሥራቁን የኃይል ማመንጫዎች ሲያቆም ምዕራቡ ኃይል እያለው ሊያካፍል የቻለው ጥቂት ነበር፤ በሁለቱ መካከል ኸርዝ የሚለውጡት ጣቢያዎች ማሳለፍ የሚችሉት 1.2 ጊጋዋት ያህል ብቻ ነበርና።

ወደ አካባቢያችን ስንመለስ ኢትዮጵያና ጂቡቲ ሁለቱም 50 ኸርዝ ናቸው። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2011 የተመረቀው በድሬዳዋ በኩል የሚያልፈው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ሁለቱን አገሮች በቀጥታ ማገናኘት ቻለ፤ ከዚህም ከዚያም ያሉት ጀነሬተሮች እንደ አንድ ሰው ልብ እኩል ይመታሉ። ከአዲስ አበባ ጂቡቲ የሚሄደው አዲሱ ባቡርም በ25 ኪሎ ቮልት፣ በ50 ኸርዝ ይሮጣል። ቀይ ባሕርን ስንሻገር ግን ሳዑዲ ዓረቢያ 60 ኸርዝ ናት፤ ጎረቤቶቿ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ 50። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው የአገሮቹ የጋራ መስመር ሳዑዲን ለማገናኘት አል ፋዲሊ በተባለ ቦታ ላይ ተለዋዋጩን ጅረት ወደ ቀጥተኛ፣ ቀጥተኛውን መልሶ ወደ ተለዋዋጭ የሚለውጥ ግዙፍ ጣቢያ አስፈልጎታል።

የሳዑዲ ነገር ለእኛ ሰው ይበልጥ የሚያደናግርበት ምክንያት አለ። ቀድሞ በብዙ የሳዑዲ ቤቶች የነበረው 127 ቮልት ስለነበር ከዚያ የመጣ ዕቃ ሁሉ ይጠረጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 አገሪቱ ቀስ በቀስ ወደ 230 ቮልት ለመሸጋገር ወሰነች። አሁን «220 ነው፤ ይሠራል» ተብሎ የሚመጣው ዕቃ በዛ። ቮልቱ ከእኛ ጋር ገጠመ። ኸርዙ ግን እዚያው 60 ላይ ነው። በታይዋን ገበያ ዕቃ የሚገዛ ሰው «ስንት ቮልት ነው?» ሲል እንጂ «ስንት ኸርዝ ነው?» ሲል እስካሁን አልሰማንም።

ሐኪሙ ቫሪያክ

አሁን ወደ ሳቢያኗ ማሽን እንመለስ። ለ220 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ጥቅል ሽቦ የሚፈቀድለት ጥምርታ 3.67 ነው። ድሬዳዋ ላይ ሙሉ 220 ሲመጣ 4.4 ይሆናል፤ ሃያ በመቶ ብልጫ አለው። እንደ እኛ ማሽን በሰከንድ አያነድም። ጉዳቱ የሚመጣው በዝግታ ነው፤ ጅረቱ እስከ 20 በመቶ ቢጨምር በሽቦው ውስጥ የሚባክነው ሙቀት እስከ 44 በመቶ ያድጋል። በእንዲህ ያሉ ትናንሽ ማሽኖች ውስጥ ያለው ፓምፕ ደግሞ በዱሮውም ቢሆን ለአጭር ጊዜ ሠርቶ እንዲያርፍ የተሠራ ነው። ሲግል የሚቆርጠው የሙቀት መከላከያ አለው፤ ሲበርድ መልሶ ይገናኛል። ቀን ቀን የምትቆመው ለዚህ ነበር።

ማታስ? ማታ በሠፈሩ ሁሉም ምጣዱንና ማራገቢያውን ሲለኩስ ቮልቱ ይወርዳል። ወደ 190 ቢወርድ ጥምርታው 3.8 ይሆናል፤ ፓምፑ ከተሠራበት 3.67 አጠገብ ማለት ነው። ሁላችንም የምናማርረው የምሽት መብራት መድከም ለዚህ ፓምፕ መድኃኒቱ ነበር። ሬዚስታንሱ ግን ኸርዝ አያውቅም፤ የሚያውቀው ቮልትን ብቻ ነው። በ190 ቮልት የሚያገኘው ኃይል ከሙሉው ሦስት አራተኛ፣ ማለትም 1080 ዋት ገደማ ስለሆነ ውኃው ቶሎ አይሞቅም። የቀኑም የማታውም ሕመም ከአንድ ቁጥር የሚነሳ ሆነ።

ይህን በወረቀት ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ቡና ቤት ያላትን ሰው ማሳመን ሌላ። ቮልትን በእጅ ማዞሪያ ከዜሮ ጀምሮ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ቫሪያክ የተባለ ትራንስፎርመር ከቤተ ሙከራው አውጥተን ፓምፑን አስረን በ220 ለቀቅነው። በጥቂት ደቂቃዎች እጅ አላስጠጋ አለ፤ ቆመ። እስኪበርድ ጠብቀን ወደ 183 ቮልት አወረድነው፤ ይህም ለ50 ሲካፈል 3.67 የሚሰጥ ነው። ጩኸቱ ለሰለሰ። ሰዓታችንን ይዘን ተቀመጥን፤ አልቆመም። «ማታ ማታ እንደዚህ ነው የምታንጎራጉረው» አለች፣ ድምፁን ለይታ።

ታዲያ ቮልቱን ዝቅ አድርጎ መጠቀም አይቻልም? ሬዚስታንሱ ይራባል፤ ፓምፑም ጉልበቱ ይቀንሳል። ከዚህም ሌላ የማይሻር ችግር አለ። የፓምፑ ፒስተን በእያንዳንዱ ዑደት አንድ ጊዜ ይሳባል፤ በስፕሪንግ ይመለሳል። በ60 ኸርዝ በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመላለስ የነበረው እዚህ 50 ጊዜ ብቻ ይመላለሳል፤ ስፕሪንጉም የተቃኘው ለ60 ነው። ሞተር ያላቸው ትላልቅ የቡና ቤት ማሽኖችና ወፍጮዎችም ከዚህ አያመልጡም፤ በአሜሪካ ወይም በሳዑዲ በደቂቃ 1800 ዙር የሚጠጋ የነበረ ባለ አራት ፖል ሞተር ድሬዳዋ ሲገባ ከ1500 በታች ይሆናል። ስታብላይዘርም ሆነ ትራንስፎርመር ይህን አይለውጥም። ሁለቱም የቮልት ሐኪሞች ናቸው፤ 50 ኸርዝ ከገባ 50 ኸርዝ ይወጣል። ኸርዝን የሚለውጥ የኤሌክትሮኒክስ ኢንቨርተር አለ፤ ዋጋው ግን ለአምስት ጠረጴዛ ቤት የሚሆን አይደለም።

ስለዚህ መፍትሔው ማሽኑን ሳይሆን ፓምፑን አገር ማስለወጥ ነበር። ሬዚስታንሱ በ220 ተስማምቶ ይሠራል፤ ማብሪያ ማጥፊያዎቹም እንዲሁ። እኅትና ወንድም ታይዋን ገበያ ሄደው ፓምፕ በፓምፕ መለያውን እያነበቡ ዋሉ። ካርቶናቸው አንድ፣ ቅርጻቸው አንድ፣ ቀለማቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው። ከአራተኛው ሱቅ «230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ» የሚል አገኙ።

ከአሜሪካ በ120 ቮልት ማሽን የሚመጣ ዘመድ ላለው አንባቢም ጥቂት ቃል እንጨምር። ስፒና መቀየሪያው ቮልት አይቀይርም፤ እግር ብቻ ነው የሚቀይረው። ለ1350 ዋት ማሽን ቢያንስ 2000 ቮልት አምፔር የሚል፣ ብረቱ ከባድ የሆነ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። በእጅ የሚንጠለጠሉ ቀላልና ርካሽ መቀየሪያዎች ሞገዱን በመቆራረጥ የሚሠሩ በመሆናቸው ለካውያ ይሆኑ ይሆናል፤ ለፓምፕና ለኤሌክትሮኒክስ አይሆኑም። ምርጫ ካለ ደግሞ 220ውን በግማሽ ወደ 110 የሚያወርደው ይሻላል፤ ለ50 ሲካፈል 2.2 ስለሚሆን ብልጫው ሃያ ሳይሆን አሥር በመቶ ብቻ ነው። ሬዚስታንሱ በ16 በመቶ ይደክማል፤ ይህም በትዕግሥት የሚታለፍ ነው።

አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ

ማሽኑን ስንፈትሽ ከፓምፑ የከፋ ነገር አገኘን። «አንዳንዴ ትነዝረኛለች» ብላ በጨዋታ መካከል ያለፈችውን ቃል ልብ ያልነው ዘግይተን ነው። በቴስተር የማሽኑን የብረት አካል ስንነካው አምፖሉ በራ።

የሳዑዲ ስፒና ሦስት ወፋፍራም ጠፍጣፋ እግሮች አሉት፤ ሦስተኛው የመሬት መስመር ነው። ለእኛ ሶኬት እንዲሆን ስፒናውን የቀየረው ሰው ሁለቱን ሽቦዎች አስሮ፣ አረንጓዴና ቢጫ የሆነውን ሦስተኛውን ቆርጦ ጥሎታል። ማሽኑ ያለዚያ ሽቦ ይሠራል፤ ለዚህም ነው ብዙዎች የማያስፈልግ የሚመስላቸው። የሬዚስታንሱ መሸፈኛ ሲሰነጠቅ ወይም እርጥበት ሲገባው ኤሌክትሪኩ ወደ ብረቱ አካል ይሾልካል። የመሬት መስመር ካለ ጅረቱ በእርሱ በኩል ወደ ምድር ይሄዳል፤ ብዙ ከሆነም ብሬከሩን ይጥላል። ከሌለ ግን ይጠብቃል። የሚጠብቀውም እርጥብ እጅ ያለው፣ በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ የቆመ ሰው ነው። በሰው ልብ በኩል የሚያልፍ ጥቂት አሥር ሚሊ አምፔር ሕይወት ለማጥፋት ይበቃል፤ የ16 አምፔር ብሬከር ይህን አያየውም። በቡና ቤቷ የመሬት መስመር እስኪዘረጋና ስፒናው በባለ መሬት መስመር እስኪለወጥ ድረስ ማሽኑን ከቤተ ሙከራው እንደማናስወጣ ነገርናት። ተቆጣች። ኪራይ አለባት፤ ሦስት ቀን ማሽን ያለ ሥራ ማቆም ለእርሷ ቀላል አይደለም። ወንድሟ ነው ያግባባልን።

ሬዚስታንሱን አውጥተን ስናየው ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ነጭ ድንጋይ ለብሷል። ይህ የጂዳ አይደለም፤ የራሳችን የድሬዳዋ ነው። የከተማችን የጉድጓድ ውኃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የሚመጣ በመሆኑ ካልሲየም ይበዛበታል፤ ሲፈላም በሬዚስታንሱ ላይ ይጋገራል። ይህ ግግር ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከመዳብ ከመቶ እጥፍ በላይ ባነሰ መጠን ነው። ሙቀቱ ወደ ውኃው መውጣት ሲያቅተው ሬዚስታንሱ ራሱ ይግላል፤ መሸፈኛው ይሰነጠቃል፤ ከዚያም መንዘር ይመጣል። በሎሚ አሲድ ዘፍዝፈን አጸዳነው፤ ስንጥቁ ግን የሚድን ስላልነበረ ሬዚስታንሱ ተለወጠ።

ከፍታችንስ? ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል 1200 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውኃ በ96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ በ92። የእንፋሎት ቦይለሩ የግፊት መለኪያ አንድ ባር ሲያሳይ በባሕር ዳርቻ በጂዳ የእንፋሎቱ ሙቀት 120 ዲግሪ፣ እዚህ 118 ያህል ነው። ለማኪያቶ ወተት ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ኸርዙን ላወቀ ሰው ይህ የሚያስጨንቀው አይሆንም።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመናል። የሐረርጌ ቡና በድሬዳዋ ተለቅሞ፣ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ከመጀመሩ በፊትም እዚሁ በጨረታ ተሽጦ በጂቡቲ በኩል ይወጣ ነበር። ማሽኑ ደግሞ በዚያው መንገድ ይገባል። የዱሮ ሰዎች ማሽን ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረበትም። አኪሌ ጋጂያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለገበያ ያቀረበው ማሽን ግፊቱን የሚያገኘው በእጅ ከሚሳብ ዘንግና ከስፕሪንግ ነበር። በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚገፋው ማሽን የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1961 ፋኤማ ኢ61 የተባለውን ካወጣ በኋላ ነው። ዘንግ የምትሳብ ማሽን በየትኛውም አገር ኸርዝ ትሠራለች፤ የምትጠይቀው የባለቤቷን ክንድ ብቻ ነው።

አዲሱ ፓምፕ ከተገጠመ በኋላ አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ሳቢያን ሄደን ከማሽኑ አጠገብ ተቀመጥን። ሃያ አራት ስኒ ቆጠርን፤ ፓምፑ አልቆመም። ለሃያ አምስተኛው፣ የእኛው ነበር፣ ገንዘብ አልቀበልም አለች። አሮጌው ፓምፕ በቤተ ሙከራችን ከቫሪያኩ አጠገብ ተቀምጧል፤ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች በየሴሚስተሩ እያሞቁ ቴምፕሬቸሩን ይለካሉ። መለያው ላይ 60 የሚለውን ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ ከበነዋል።